ከቤት ውጪ የሚያድረው ቅጂ

ሊኔያ ሰንድቫል የኮምፒውተር መጠገኛውን በር ከፍታ ስትገባ ጫማዋ ላይ በረዶ ነበር። አላራገፈችውም።

«ሃርድ ዲስክ እፈልጋለሁ» አለች። «የማይበላሽ።»

ከጠረጴዛው ኋላ የቆመው ዌስ ካንጋስ ቀና ብሎ አያት። «እሱን ገና አልሠሩትም። ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይበላሻል።»

«ሻጭ እንዲህ ይላል?»

«ለዚህ ነው አለቃዬ የማይወደኝ።»

ሳቀች። ሳቋ መጨረሻው ላይ ሻከረ።

«ምን ልታስቀምጪበት ነው?»

«ድምፄን።»

ቀልድ መሰለው። ቀልድ አልነበረም። ሊኔያ በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል። በጸደይ ማንቁርቷ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ መናገር የለም። ሐኪሟ አንድ መላ ነግሯታል። አሁን ብዙ ዓረፍተ ነገር እያነበበች ብትቀዳ፣ ኋላ የምትጽፈውን ሁሉ አንድ ማሽን በራሷ ድምፅ ያነብላታል።

ዌስ ያነሳውን ዲስክ ወደ መደርደሪያው መለሰ።

«አንድ አይበቃሽም። ሦስት ያስፈልጋል። አንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ሁለቱ ከውጭ የሚሰኩ። የአንድ ፋብሪካ አይሁኑ፤ አብረው የተሠሩ አብረው ይሞታሉ። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ሁሌ ሌላ ቤት ይደር። ቤት ይቃጠላል፣ ሌባ ይገባል።»

«አንተ ለሰው ተስፋ ስትሰጥ አንደኛ ነህ።»

«በኢንተርኔት ማስቀመጥም አለ።»

«ድምፄን የማላውቀው ሰው ጋ አላሳድርም።»

«እሺ፣ የምታውቂው ሰው ጋ።»

«እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም።» ትንሽ አሰበች። «አንተ የት ነው የምትኖረው?»

ከዚያ በኋላ ዌስ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ይመጣ ጀመር። እሱ ጋ የሰነበተውን ዲስክ ይተውላትና አዲሱን ቅጂ የያዘውን ይወስዳል። ብርድ እንዳያገኘው ከሹራቡ ሥር፣ ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙት ለቅያሬው ያህል ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ቆሞ ይመለስ ነበር። ኋላ ሾርባ አቀረበችለት። ኋላ ካፖርቱን አወለቀ።

የምትቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በተሰቀሉ ልብሶች መሐል ተቀምጣ ነው። ልብስ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ዌስ ከበሩ ውጪ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። የተሰጧት ዓረፍተ ነገሮች ደረቅ ስለነበሩ የራሷን ጨመረች። አንድ ቀን የእሱን ስም ደጋግማ ስትጠራ ሰማት፤ በቁጣ፣ በቀልድ፣ በለሆሳስ።

ስትወጣ «ስሜ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ኋላ ልጠራህ ነዋ።»

አዲሱን ዲስክ ከሹራቡ ሥር ከተተው።

ቀኑ ሲቃረብ «ከሆስፒታል ስመለስ ብቻዬን አልችልም» አለችው። «ና፣ እዚህ ኑር።»

የኪራይ ክፍሉን ለቀቀ። ዕቃውን በካርቶን ጭኖ መጣ። ሊኔያ አንዱን ካርቶን ስትከፍት ዲስኩን አገኘችው።

«ይሄስ?»

«እሱ እንኳ ሌላ ቤት ነው ማደር ያለበት።»

«ሌላ ቤት አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይደር። ወይስ ብንጣላ መመለሻ ማስቀረት አምሮሃል?»

ሳቀ። «ሰኞ ሱቅ እወስደዋለሁ» አለ፤ ዲስኩን መደርደሪያው ላይ፣ ከጓደኛው ዲስክ አጠገብ አኖረው። ደንበኛን ሁሉ የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ነበር። ደስ ብሎት ስለነበር ተወው። ሰኞ ደግሞ ሐኪሞቹ ቀጠሮዋን አቀረቡት። እስከ ዋዜማው ስትቀዳ ነበር። ድምፁን ለሚሠራው ድርጅት ቅጂውን የሚልኩት ከሆስፒታል ስትወጣ ነው ተባባሉ። ዲስኩን ያስታወሰው አልነበረም።

በምትወጣበት ቀን ጠዋት ቤቱ ሞቆ እንዲቆያት ብሎ ምድጃውን በእንጨት ሞላው፤ ሊያመጣትም ሄደ። የጭስ ማውጫው በእሳት ተያያዘ። ሲመለሱ መንገዱ በእሳት አደጋ መኪና ተዘግቷል። ጣሪያው ወደ ውስጥ ወድቋል።

ሊኔያ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ዌስ ሦስቱን ዲስኮች ከአመዱ ለቅሞ እንዲህ ያለውን ለሚመረምሩ ባለሙያዎች ላከ። «ከውስጥ ተጣመዋል፤ የሚነበብ የለም» የሚል መልስ መጣ። ስልኩን በረበረ። እንደ ዘመናቸው ልጆች ይጻጻፉ እንጂ አይደዋወሉም ነበር፤ አንድም የእሷ ድምፅ አልተገኘም።

ከአንድ ጋራዥ በላይ ክፍል ተከራዩ። እሷ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ እሱ አንብቦ ይመልሳል። ከዚያ መጻፉንም ተወችው። የጻፈችውን የሚያነብላት ማሽን የሌሎች ሴቶችን ድምፅ አቀረበላት። አንዱን ሞከረች። የእንግዳ ሴት ድምፅ «ውሃ እፈልጋለሁ» አለ። አጠፋችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዌስ ካፖርቱን ለብሶ አጠገቧ ቆመ።

«ድምፅሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ባየሽኝ ቁጥር እሱን ነው የምታስቢው። ልሂድልሽ።»

ሰሌዳውን አነሳች።

«ስትሰማኝ ነበር» ብላ ጻፈች። «ጠዋት ስቀሰቅስህ እንዴት ነበር የምለው?»

«ሊኔያ፣ ተይው።»

በጣቷ ጽሑፉን መታ መታ አደረገችው።

«ተነስ፣ ረፍዷል» አለ ዌስ።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። በእጇ «ዝቅ አድርገው» አለችው። ዝቅ አደረገው። አይደለም። ቀስ አለ። እሱም አይደለም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ደከመው። ሲደክመው ድምፁ ወፍራምና የተሰበረ ሆኖ ወጣ።

እጇን አነሳች። ይሄ ነው። እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ እሳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተፈታ።

አልነበረም። የእሷ ድምፅ መጨረሻው ላይ ከፍ ይል ነበር፤ ሳቅ ነበረበት። ዌስ አሁንም በጆሮው ይሰማዋል። እሷ ረስታዋለች።

አልነገራትም።

ሰሌዳውን ጠርጋ ጻፈች። «ነገ ጠዋት እንዲሁ ቀስቅሰኝ።»

«እሺ» አለ። ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለው።