አራተኛው መለከት

የውስጡን ጉድለት ሳያርም ፊቱን ብቻ የሚያሳምር ሰው በጎረቤቱ ላይ ሞትን ይጠራል፤ ይህ ታሪክ ለዚያ ምስክር ነው።

በአርጋል መንግሥት ጉም ዓመቱን ሙሉ ፀሐይን ስለሚጋርዳት ሕዝቡ የሚተዳደረው በማማው ሰዓት ነበር። በሳርዋ ተራራ ዋሻ የሚኖረው ክንፋሙ አውሬ ጽልማር በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ጨው ሜዳው ይወርዳል። ጨው ቆራጮችም አስቀድሞ የሚደወለውን ደወል ሰምተው ወደ ቅጥሩ ይገባሉ። አንድ ቀን ደወሉ ዐሥር ደቂቃ ዘገየ። ሰባት ሰዎች አልተመለሱም፤ አንደኛው የቁልፍ ሠሪዋ የትርሲት አባት ነበር።

ትርሲት ማማው ላይ ወጥታ የሰዓቱን ሆድ ከፈተች። የፔንዱለሙን ክብደት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የብሎን ዳዶ ዝጓል። የማማው አለቃ ድልነሣ ዳዶውን ለዓመታት ሳይነካ፣ ጎሕ ሲቀድ የሰዓቱን ቆጣሪ በግምት በጣቱ እየገፋ፣ «ልክ ነው» ብሎ በንጉሡ ፊት ሲምል ኖሯል።

«ዐሥር ደቂቃ ለማን ጎደለች?» አላት ድልነሣ።

«ለአባቴ» አለችው።

እውነተኛው ስድስት ሰዓት የሚታወቀው ከጉሙ በላይ፣ በሳርዋ ራስ በቆመው የጥላ ድንጋይ ብቻ ነው። መንገዱም በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ከበረዶ ይገለጣል። አሮጌው የንጉሥ መለከተኛ ጋሽ ዘርጋው ሊወጣ ተነሣ።

«ጥላው ሲያጥር በየቀኑ እነፋልሻለሁ» አላት። «በሦስተኛው መለከት ሰዓቱ ከተስተካከለልሽ ወዲያው ደወሉን ደውዪ፤ ወርጄ እራቴን እበላለሁ። ካልሆነ ዝም በዪ፤ በማግሥቱም እነፋልሻለሁ።»

«ጽልማር ከሦስት መለከት በላይ አይታገሥም ይባላል፣ ጋሼ።»

«እኔም ከሦስት ቀን በላይ ያለ እራት አልታገሥም። ብቻ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ፣ ልጄ፤ ማይልኝ።»

«በአባቴ አጥንት» ብላ ማለች።

በመጀመሪያው መለከት ቆጣሪውን ስድስት ላይ አቆመችው። በሁለተኛው ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ተገኘ፤ ቆጣሪውን ስድስት ላይ መልሳ ክብደቱን ከፍ አደረገች። በሦስተኛው ሦስት ደቂቃ ቀደመ። ትርሲት ቆጣሪውን አስተካክላ ዳዶውን ትንሽ መለሰች፤ እጇ ግን የደወሉን ገመድ ጨብጦ ቀረ።

«ደውዪና ሽማግሌው ይውረድ» አለ ድልነሣ በለሰለሰ ድምፅ። «ሦስት ደቂቃ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በጣቴ እመልስልሻለሁ።»

ትርሲት ይህን ስትሰማ ገመዱን ለቀቀች።

በማግሥቱ ቆጣሪው ስድስት ላይ ሲያርፍ መለከቱ ተሰማ። አልቀደመም፣ አልዘገየም። ድምፁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ትርሲት ዳዶው እንዳይላላ አጥብቃ አሰረችው፤ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ጽልማር ሲወርድ ያገኘው ባዶ ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህም በጨው ሜዳው ሰው አልተበላም።

ድልነሣ በሐሰት በመማሉ ሹመቱ ተገፈፈ። በሸንጎ ተፈርዶበትም ከጨው ቆራጮቹ ጋር ዕድሜ ልኩን ጨው ሲቆርጥ ኖሮ በዚያው ሞተ።