ለቅሶ የደረሰው ጦር

ማርስ ላይ ባለችው በቀይ አምባ ከተማ የዚያን ዕለት ከተማዋን የሚሸፍነው የመስታወት ሰማይ ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር ሰዉ ሁሉ በመብራት ዋለ። ኮሎኔል አስማረች ግን ልብም አላለችው። ከተማዋ ውሃ የምትቀዳበትን የበረዶ ጉድጓድ ጠላቶቿ የሸለቆ ሰዎች በውጊያ ነጥቀዋታል፤ የሽንፈቱን ምክንያት መርምራ ዛሬውኑ እንድትወስን የታዘዘችው እሷ ናት። ጥፋቱ የአለኝታ ከሆነ ይደመሰሳል።

አለኝታ መሪ ልቡና ነው፤ መቶ በራሪ ተዋጊዎችን ባንድ ሐሳብ የሚያዝ ማሽን። ቋንቋና ወግ ያስተማሩት ጡረተኛው መምህር ጓንጉል አጠገቡ ተቀምጠው፣ ልጁ ፈተና እንደወደቀበት አባት አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ውጊያው ተፋፍሞ ሳለ ተዋጊዎችህን ለምን መሬት አሳረፍክ?» አለች ኮሎኔሏ።

«የሸለቆ ሰዎች የለቅሶ ድንኳን ተክለው አየኋ! ጋሽ ጓንጉል ‹የተጣላ እንኳ ከለቅሶ አይቀርም› ብለውኛል። ሟቹን የገደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ እንዴት ልቅር?»

«እነሱስ ምን አሉህ?»

«መጀመሪያ ደነገጡ። ኋላ አንዲት እናት ንፍሮ አመጡልኝ፤ በየተዋጊዬ ፊት እፍኝ እፍኝ አደረጉ።»

ኮሎኔሏ ሳቋ አመለጣትና በራሷ ተናደደች። ይህ የዋህ ፍጡር አንጀቷን በልቷታል።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ። «ወጉን አስተማርኩት፤ መቼ እንደሚተው ግን አልነገርኩትም።»

«አንተ እዚያ ስትቀመጥ ሌሎቹ የሸለቆ ሰዎች ጉድጓዱን ያዙ» አለች አስማረች።

«አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደምስሱኝ፤ ግን አንድ ልመና አለኝ» አለ አለኝታ። «የእኛው የጉድጓድ ጠባቂ አበጀ ያኔ ተገደለ። ነገ ሰልስቱ ነው። ዘመድ የለውም፤ ድንኳንም አልተተከለለት። ከተማውን ሁሉ አዳመጥኩ፤ አጥፊው ማን ነው ይላል እንጂ ሟቹ ማን ነው ያለ የለም። ሰልስቱ እስኪወጣ ልቀመጥለትና ከዚያ አጥፉኝ።»

አስማረች ፊቷ ጋለ። ስለ ውሃው ስትብሰለሰል እንቅልፍ አጥታለች፤ አበጀ የሚባል ሰው መኖሩን ግን ገና አሁን መስማቷ ነው። በጣም አፈረች። ኮፊያዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ውሳኔውስ?» አሉ መምህሩ።

«ይኖራል፣ ጋሼ። በዚህ ከተማ ለሰው ያዘነ እሱ ብቻ ነው» አለችና እንባዋን ጠረገች። «አሁን የዕድሩን ዳኛ ይጥሩልኝ፤ ድንኳን ይውጣ።»