አርባ እርምጃ አልፎ ያለው ፌርማታ

ሚልተን ቢዳርትን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም። ሞንቴቪዴዮ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የእሱ በርና የእኔ በር ፊት ለፊት ናቸው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እሱ ሃያ ሰባት ዓመት ሶፍትዌር ሲጽፍ የኖረ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልዩነት የለንም። አንዳችን ውሃ ያሞቃል፣ ሌላው መራራውን የማቴ ቅጠል ቅሉ ውስጥ ይሞላል፣ እየተቀባበልን እንጠጣለን።

የምነግራችሁ የፍቅር ነገር ነው፣ ልጆቼ። «አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ምን ፍቅር ይዞታል?» የሚል ካለ፣ ትንሽ ታግሦ ይስማኝ።

ሚልተን ለሩቅ አገር ባንኮች ፕሮግራም የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ኪሱ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ አለ፤ በጮኸ ቁጥር ያነሳዋል። አባቱን በቀበርንበት ቀን እንኳ ከጉድጓዱ ዳር ፈቀቅ ብሎ አነሳው። አነጋግሮ ተመለሰና አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ እግር እንደሚደነዝዘው ነው፣ ዶን ኤላዲዮ» አለኝ ቆይቶ። «አያመኝም። እግሩ አለ፤ የኔ አይመስለኝም።»

«ስልኩን ለምን አትጥለውም?»

«በዚህ ሁሉ ዓመት እውነት አስቸኳይ ሆኖ የጠሩኝ ሁለቴ ነው። ሌላው የሰው አለማቀድ ነው። ሰው ሥራውን በሥራ ሰዓት መጨረስ ካልቻለ ሥራው በዝቷል ማለት ነው እንጂ ሰውየው ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ታነሳለህ?»

«እንዳነሳ ነው የተቀጠርኩት።»

እንዲህ ነበር። ሐሳቡ እሳት ነው፤ ድምፁ ግን የቀዘቀዘ ሾርባ።

በትርፍ ጊዜው፣ ትርፍ ጊዜ ከተባለ፣ የከተማውን የአውቶቡስ ካርታ ሠርቶ ነበር። ማንም በነፃ ስልኩ ላይ ያየዋል። ስህተት ያገኘ ሰው ጥቆማ ይጽፋል፤ ሚልተን ያስተካክላል። አንድ ጊዜ አንድ ኩባንያ ልግዛህ ብሎት ነበር። የፈለጉት ካርታውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው፤ ማን የት ተሳፍሮ የት እንደሚወርድ።

«አንዲት ሴት በየማክሰኞው የካንሰር ሆስፒታሉ በር ላይ ትወርዳለች እንበል» አለኝ። «ይህን እሷና ሹፌሩ ካወቁት ይበቃል።»

«ሹፌሩም ይረሳዋል» አልኩት።

«ለዚህ ነው ሹፌር የምወደው። ማሽን ግን እርሳ ካላሉት አይረሳም።»

እርሳ ብሎት ነበር። አንድ ጥቆማ ሲዘጋ የጻፈው ሰው የኢሜይል አድራሻ አብሮ ይጠፋል። ያልያዝከውን ማንም አይሰርቅህም ይል ነበር። ሌላም ትእዛዝ ሰጥቶታል። ሥራ ሲወጥረው ጥቆማው ስለሚከመርበት፣ አሥራ አራት ቀን መልስ ያላገኘውን ማሽኑ ራሱ እንዲዘጋውና ትሁት ደብዳቤ እንዲልክ አድርጎታል። ይህን የጻፈው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ጽፎ ረስቶታል።

ባለፈው ዓመት በጋው ሲያልቅ እንዲህ የሚል ጥቆማ መጣ፦ «የ3118 ፌርማታ በካርታዎ ላይ መካነ መቃብሩ በር ላይ ነው። እውነተኛው አርባ እርምጃ አልፎ፣ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እናቴ ካርታውን አምና መቃብሩ በር ላይ ስትጠብቅ ቆየች። ‹ምን አስቸኮላቸው?› እያለች ነው። ዙልማ።»

ሚልተን አስተካከለና መለሰ፦ «ተስተካክሏል። እናትዎን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።»

«ይቅር ብላለች። እኔ አልቸኩልም ብላለች።»

ከዚያ ወዲህ ዙልማ የ3118ን ችግር ሁሉ ትጽፍለት ጀመር። አግዳሚው ወንበር ተሰበረ። የዛፉ ቅርንጫፍ ቁጥሩን ሸፈነው። አንድ ሹፌር ዝናብ ሲሆን ሳይቆም ያልፋል። (ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልናገርም።) ከጥቆማው ሥር ሁልጊዜ እናትየው ያሉት አንድ ነገር አለ። ሚልተን ቅዳሜ ያነብልኝ ነበር። በዚያው በቀዘቀዘ ድምፁ ነው የሚያነበው፤ ግን እያንዳንዱን ሁለቴ ያነባል። ምንም የማይሰማው ሰው አንዱን ነገር ሁለቴ ያነባል?

«ጠይቃት እንጂ» አልኩት አንድ ቀን።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ነኝ ፕሮግራም የምጽፈው?»

ሳይጠይቃት ክረምቱ ገባ። መሥሪያ ቤቱ የአንድ ባንክ መዝገብ ከአሮጌ ማሽን ወደ አዲስ ሲያዛውር ሦስት ሳምንት ሚልተንን አላየሁትም። በአራተኛው ቅዳሜ በሬን አንኳኳ። ዓይኑ ጎድጉዷል። ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ፤ የካርታውን ጥቆማ ማየት ጀመረ። ቅሉን ሰጠሁት፤ ያዘው፤ አልጠጣም።

«ምነው?»

አነበበልኝ።

«እናቴ ባለፈው ሐሙስ አረፈች። አሁን በሩ ላይ ሳይሆን ውስጥ ናት። ይህን ለማን እንደምጽፍ ሳስብ እርስዎ መጡብኝ። ይህ ቦታ ስለ ፌርማታ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አይቆጡኝ። ሪቬራ ያለችው እኅቴ ነይ ትለኛለች፤ በወሩ መጨረሻ ቀን እሄዳለሁ። እኔ የምሠራው ፓስታ ቤት ነው። በየወሩ በሃያ ዘጠኝ አገሩ ሁሉ የድንች ኞኪ ስለሚበላ ያን ቀን ፋታ የለኝም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ግን ፌርማታው ላይ እደርሳለሁ። የሁለት ሰው ኞኪ እይዛለሁ። ፊትዎን ሳላይ ብሄድ ይቆጨኛል። አዎ ወይም አይ ይበሉኝ።»

ከሥሩ የማሽኑ መልስ ነበር፦ «ውድ ተጠቃሚ፣ ጥቆማዎ ለአሥራ አራት ቀናት ምንም እንቅስቃሴ ስላልታየበት ተዘግቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ሚልተን።»

ስሙን ሲያነብ ድምፁ አልተለወጠም። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ አነበበው።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ ሰባት። ጻፍላታ አሁን!»

«አድራሻዋ ጠፍቷል። ጥቆማው ሲዘጋ ይጠፋል።»

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ።»

ዋልተር የሚባል የሥራ ባልደረባ አለው፤ ደወለለት። ዋልተር ስልኩ ውስጥ ሲስቅ እኔም ሰማሁት። «ሚልተን፣ አንተ ሽማግሌ፣ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ስሟንና ሰፈሯን ስጠኝ። የባንኮቹ ደንበኞች መዝገብ እጃችን ላይ ነው፤ ስልኳ ጠዋት ጠዋት የት እንደሚገኝ ሁሉ ይታያል። ቤቷ ድረስ አደርስሃለሁ።»

ሚልተን ከመመለሱ በፊት እኔ ቀደምኩ።

«ልጄ፣ እሺ በል። ክፉ ልታደርግባት አይደለም። አንዴ ብቻ።»

«ሁሉም አንዴ ብቻ ነው የሚለው፣ ዶን ኤላዲዮ። ሳትነግረኝ ቤቷን ባውቅ፣ በሩን ስትከፍት ምን ብዬ ልቆም ነው?» ወደ ስልኩ ዞረ። «ተወው ዋልተር። አትንካው።»

«ታዲያ እንዴት ልታገኛት ነው?» አልኩት።

«ሌላው ሰው አውቶቡስ እንደሚያገኘው። እጠብቃለሁ።»

ግን ትመጣለች ወይ? በሩ ተዘጋ የተባለ ሰው በዚያ በር ማለፍ ይጠላል፤ ሌላ መስመር ትይዝ ይሆናል። ረቡዕ፣ በሠላሳ አንድ፣ ደግሞ ሄዳለች። ያለው አራት ምሽት ነው።

ሃያ ዘጠኝን ሳንጠብቅ፣ ምናልባት ከሥራ ስትመለስ ብለን ቅዳሜ ማታ ሄድን። አዎ፣ እኔም ሄጃለሁ፤ ብቻውን እንዲበርደው አልፈለግሁም። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይበሳል። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ይቆማል፣ በር ይከፈታል፤ ሹፌሮቹ ያውቁኛል።

«ዶን ኤላዲዮ! ናፍቆህ ነው? ግባ፣ መሪውን ልስጥህ!»

«ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

«ማን ቀጠረህ? ቆንጆ ናት?»

«ሂድ አልኩህ።»

ማንም አልመጣም። እሑድም ማንም አልመጣም።

ሰኞ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ሚልተን ስብሰባ ነበረው፣ ባንኩም ገና አልተረጋጋም። ዋልተር በኋላ እንደነገረኝ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ ስልኩን የዋልተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ቢጠሩህ ምን ልበላቸው?»

«የለም በላቸው።»

«መቼ ይመለሳል ቢሉኝስ?»

ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ፌርማታው ላይ ሁለታችን ስንጠብቅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ አውቶቡስ ሄደ፣ ሌላ ሄደ። ከማዕዘኑ አንዲት ሴት መጣች፤ አርባ አምስት ገደማ፣ ጥቁር ሹራብ፣ በፀጉሯ ላይ ዱቄት፣ በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር። ሁለታችንን አየችን፤ የሄደውን አውቶቡስ አየችው።

«ይህን ካሳለፋችሁ ሃያ ሁለት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ» አለች።

«ካርታው አሥራ ስምንት ይላል» አለ ሚልተን።

«ካርታው ተሳስቷል።»

እኔ ተነስቼ መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን ግን ትቼው መሄድ አልቻልኩም።

«ሚልተን ነኝ» አላት።

ዓይኗ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ አየሁ፤ የሚያገኝ አልመሰለኝም።

«ተዘግቷል ብለውኛል እኮ።»

«እኔ አላልኩም። ከሰባት ዓመት በፊት የጻፍኩት ፕሮግራም ነው።»

«እርስዎ የጻፉት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እርስዎ ነዎታ።»

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ። ሰው ያላነበበውን በሰው ስም መመለስ ነውር ነው። ለሌሎች እናገረዋለሁ፤ ራሴ አደረግሁት።»

«እናቴ ሞተች ብዬ ጻፍኩ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን አሉኝ።»

«አነበብኩት። ቅዳሜ ነው ያነበብኩት። ሁለቴ። ምን እንደምልዎ አላውቅም። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አይሰማኝም። የእናትዎ ብቻ አይደለም፣ የአባቴም ሞት አልተሰማኝም። ይህን ሳይሰሙ አውቶቡሱ ላይ እንዳይወጡ ብዬ ነው የመጣሁት። ላገባዎ አልፈልግም ማለቴ አይደለም። የሚሰማው ሰው ነኝ ብዬ እንዳላታልልዎ ነው።»

ደረጃው ላይ ሆኜ ግንባሬን ያዝኩ። እንዲህ ተብሎ ሴት ይለመናል?

ዙልማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሜ ነው የዋልኩት» አለች። «እግሬ የት እንዳለ አላውቅም። እናቴን ከቀበርኩ ጀምሮ አንድ እንባ አልወጣኝም፤ ‹ግማሽ ነው አንድ ኪሎ?› እላለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ተቀመጥ።»

‹ይቀመጡ› አላለችም። ‹ተቀመጥ› አለች። ተቀመጠ።

ጥቅሉን በመካከላቸው አስቀመጠች፤ ያልተቀቀለ ኞኪ ነበር፤ ሊበሉት አይችሉም። አውቶቡስ መጣ፣ በር ተከፈተ።

«ትገባላችሁ?» አለ ሹፌሩ።

«ሂድ የኔ ልጅ» አለችው።

ሦስት አውቶቡስ እንዲህ አሳለፉ። ብዙ አላወሩም። አንዴ ብቻ ስታወራ ሰማኋት፦ «ረቡዕ እሄዳለሁ። ትኬት ይዣለሁ፣ እኅቴም አልጋ አንጥፋለች። እዚህ መቅረት አልችልም፤ በየቀኑ ያ በር ፊት ለፊቴ ነው።»

«አትቅሪ» አለ። «ሪቬራ ስንት ሰዓት ይወስዳል?»

«ሰባት።»

«ስወርድ የት ነው የምትጠብቂኝ?»

«ካርታው ላይ የለም። እነግርሃለሁ።»

ረቡዕ ሄደች። እሱ አልተንሰፈሰፈም፣ ተከትሎ አልሮጠም። በማግስቱ ያን የመዝጊያ ትእዛዝ አጠፋው፤ አሁን ጥቆማው ሁሉ ተከምሮ ክፍት ነው፤ ሲደርስበት ራሱ ይመልሳል። በየወሩ ሃያ ዘጠኝ ላይ ሰባት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፣ ሰባት ሰዓት ተቀምጦ ይመለሳል። «እንዴት ነበር?» ስለው «ደህና» ይለኛል፤ ሌላ የለም። በስድስተኛው ወር ሥራውን ለቀቀ። በሰባተኛው መጽሐፎቹን በካርቶን አሰረ። አብሬው አወረድኩለት፤ ደረጃው ላይ አቀፈኝ፤ ዕቅፉ ከበፊቱ ትንሽ ቆየት ያለ መሰለኝ። ሽማግሌ ስለሆንኩ መስሎኝ ይሆናል።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሪቬራ ሄጄ ነበር። ቤታቸው ጠባብ ናት፤ ጎዳናውን ሲሻገሩ ብራዚል ነው። እሱ ለሰፈሩ ክሊኒክ በቀን ስድስት ሰዓት ይሠራል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ማሽኑን ይዘጋል፣ ማንም አይደውልለትም። እሷ ከእኅቷ ጋር ፓስታ ትሠራለች። እርስ በርስ ሲተያዩ እንደ ወጣት አይደለም። አጠገብ ለአጠገብ ሲያልፉ ግን እጇ ትከሻው ላይ ትንሽ ያርፍና ይሄዳል።

ደጅ ላይ ተቀምጠን ማቴ ስንጠጣ ጠየቅሁት። ጎረቤት ነኝ፣ መብት አለኝ።

«አሁንስ ተሻለህ? ደስተኛ ነህ?»

ቅሉን ጨርሶ መለሰልኝ። እውነቱን ካልሆነ አይናገርም።

«እንጃ፣ ዶን ኤላዲዮ» አለኝ። «ግን ይርበኛል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን እውነተኛ ረሃብ ይርበኛል።»

ከውስጥ የዙልማ ድምፅ መጣ።

«ሰምቼሃለሁ። የፓስታው ውሃ ገና አልፈላም።»