ቅርፅ ብቻ ነው

ፈጠራ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ማንም የነገረኝ አይደለም፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ቢሮአችን፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም... ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብላለች።

ሥራችን የበር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ምድር ቤት ያለውን የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ክፍል የሚከፍተውም የሚዘጋውም የእኛ ኮድ ነው። ውስጥ ሆናችሁ በሩ ከተዘጋባችሁ፣ የምትወጡት ካርዳችሁን አስነክታችሁ ነው። ካልከፈተላችሁ... ብርዱ ብዙ አያቆያችሁም።

አብሮኝ የሚሠራው የታናሽ እህቴ ባል ነው። «ጠቅላዩ» እንለዋለን፤ ኮዱን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ጠቅልሎ ስለሚያስቀምጥ። እኔ ደግሞ እንደዚያ ሳይ ዓይኔን ያመኛል። አንዲት ፕለጊን፣ ኮድ መጻፊያችን ላይ የምትለጠፍ ትንሽ መሣሪያ፣ አለችን። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ ረጅሙን መስመር ወደ ታች ትዘረጋዋለች፤ ሌላውን ስትጫኑ መልሳ ትጠቀልለዋለች። እሱ ሲጠቀልል፣ እኔ ስዘረጋ፣ ስንተራረብ ኖርን።

አንድ ልማድም ነበረን። ትእዛዙ ሳይነካ አቀማመጡ ብቻ ሲቀየር «ቅርፅ ብቻ» ብለን እንልካለን። ያኛው ሳያነብ ያሳልፋል።

ምን ብዬ ላንብበው? የእህቴ ባል ነው እኮ።

ያን ቀን አንዱ መስመሩ ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ሄዷል። «አይ ጠቅላዩ» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ተዘረጋ።

የላይኞቹን አውቃቸዋለሁ። በሩ ከተዘጋ... ካርዱ የሠራተኛ ከሆነ... የመጨረሻዋን ግን አይቻት አላውቅም።

ካርዱ የእኔ ከሆነ፣ አትክፈት።

የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ጠቀለልኩትና መልሼ ዘረጋሁት።

አንዲት መስመር ተጨምራለች።

ብቻውን ከሆነ።

እንደገና ጠቀለልኩ... እንደገና ዘረጋሁ።

በምሳ ሰዓት።

መስመሩ ኮዱ ውስጥ መቼ እንደገባ አየሁ። ባለፈው ወር። የላከው እሱ፣ ያሳለፈው እኔ። ከላዩ ላይ «ቅርፅ ብቻ» ይላል። የገዛ ሞቴን ሳላነብ አሳልፌዋለሁ። ምን በድዬው ነው? እህቴን የሰጠሁት፣ እዚህ ቢሮ ያስገባሁት እኔ አይደለሁም?

ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«ወንድሜ...» በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። «ምድር ቤት ውረድ። በሩ አስቸግሮኛል።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻህን።»

«መስመሩን ዘርግቼዋለሁ» አልኩት።

ከወዲያ በኩል ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል...

«ቅርፅ ብቻ ነው፣ ወንድሜ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የማቀዝቀዣው ዘበኛ ሲያየኝ ደነገጠ። ጠቅላዩ የት አለ ስለው፣ ጠዋት እንደገባ አልወጣም አለኝ። ታዲያ አሁን ደወለልኝ ብለው፣ ሽማግሌው ግራ ገብቶት ጠረጴዛውን አሳየኝ። እዚያ ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

የጠቅላዩ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ተዘግቷል።

ዘበኛው በሩን ከውጭ በቁልፍ ከፈተው። ካርቶን... መደርደሪያ... ሰው የለም። ወለሉ ላይ ካርዱ ብቻ ወድቋል። ሌላ መውጫ የለውም፣ መስኮትም የለውም።

ፖሊስ መጣ፣ ፈለገ፣ ሄደ። እህቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያለች ከረመች። ስለ መስመሩ ግን አልነገርኳትም። ባልሽ ሊገድለኝ ነበር ተብሎ እንዴት ይነገራል? እየጠበቀችው እኮ ነው።

ያን ኮድ በእጄ አጠፋሁት። ፕለጊኗንም ነቅዬ ጣልኳት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አሁንም ቀትር ላይ፣ አዲስ ለውጥ መጣልኝ። «ቅርፅ ብቻ» ይላል።

የላከው... እሱ።

አንድ ረጅም መስመር ነው። ፕለጊን ስለሌለኝ በእጄ እየቆረጥኩ ወደ ታች አወረድኩት። በሩ ከተዘጋ... ብቻዋን ከሆነች... በምሳ ሰዓት...

ካርዱ የእህቴ ከሆነ፣ አትክፈት።

ሙሉ ስሟ ተጽፏል፤ እሷ ግን እኛ ቢሮ ሠርታ አታውቅም። ካርድም የላትም።

ወዲያው ደወልኩላት። ቶሎ አነሳችው። ድምጿን እንደዚያ ደስ ብሏት ከሰማሁት ቆይቷል።

«የት ነሽ?»

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል» አለች በሹክሹክታ። «ምድር ቤት ነኝ፣ ጋሼ... ካርድ ሰጥቶኛል። በሩን ይዞልኝ ቆሟል።»