የጋሽ ቱሉ የመጨረሻ ደረሰኝ

ኢንስፔክተር ለሊሴ ሀና ማርያም ስትደርስ አስከሬኑ ከበረንዳው ደረጃ ሥር በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። ሟቹ ጋሽ ቱሉ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከአባታቸው በወረሱት ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ወድቀው ያገኘቻቸው የጓሮውን ክፍል የተከራየችው አያንቱ ናት። ጭንቅላታቸው የድንጋዩን ጠርዝ መትቷል። አዳልጧቸው ነው እንዳይባል ደግሞ የሸሚዛቸው ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ አንድ ሰው ደረታቸውን ጨምድዶ ይዞ ነበር።

ለሊሴ ማንንም ሳታናግር ወደ ወጥ ቤት ገባች። አመሏ ነው፤ ሰው ሲያዝን ይዋሻል፣ ሲፈራም ይዋሻል፣ ወጥ ቤት ግን እንደተተወ ይገኛል ባይ ናት። የጋሽ ቱሉ ድስት አልታጠበም፤ ሳህኑም አልታጠበም። ሁለት ብርጭቆዎች ብቻ ጥንቅቅ ብለው ታጥበው ተደፍተዋል።

«ማታ እንግዳ ነበራቸው?» ስትል አያንቱን ጠየቀቻት።

«እኔ የማታ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ስመለስ ጸጥ ብሏል፤ የተኙ መስሎኝ በጓሮ በር ገባሁ።» አያንቱ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እንግዳ እንኳ አይመጣባቸውም። ባዩኝ ቁጥር ‹ቁጭ በይ፣ ተጫወቺ› ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እንደቸኮልኩ ነው።»

«ዘመድ የላቸውም?»

«የወንድማቸው ልጅ አለ፣ ሮበሌ የሚባል። ጎፋ ቢሮ አለው። ውክልና ሰጥተውት ከግቢው ግማሹን ሳያማክራቸው ሊሸጥ ሲል ሰሙ። ‹ውክልናውን አነሳበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጠርቼ አናግረዋለሁ› ብለውኝ ነበር።»

ለሊሴ ስለ ሮበሌ ማሰብ ሳትጀምር ሳጅን ኢያቄም ደወለላት። ኢያቄም ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ቶሎ መደሰቱ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ አልቋል። ገዳይዋን ይዣታለሁ።»

የያዛት መርዋን ነው፤ አስፋልቱ ዳር ባለው የአቶ ሰዒድ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋን። አቶ ሰዒድ በቅርቡ ካሜራውን ከሽያጭ ማሽኑ ጋር አገናኝቷል፤ አንድ ደረሰኝ በስክሪኑ ላይ ሲነኩ ማሽኑ ያንን ደረሰኝ በቆረጠበት ደቂቃ የተቀረጸው ምስል ይመጣል። በጋሽ ቱሉ የደንበኛ ካርድ በዚያ ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ከአስር ላይ ዕቃ ተገዝቷል። ምስሉ ላይ ግን ጋሽ ቱሉ የሉም፤ መርዋ ብቻዋን ማሽኑን ትነካለች። መሳቢያዋ ሲፈተሽ ካርዳቸው ተገኘ፤ ከካርዱ ጋር ደግሞ የቤታቸው ቁልፍ።

ለሊሴ ልጅቷን ጣቢያው ውስጥ አገኘቻት። ሂጃቧን ደጋግማ ታስተካክላለች እንጂ አላለቀሰችም።

«ካርዳቸው አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ይጥሉታል። ‹አንቺ ጋ ይቀመጥ› አሉኝ።»

«ቁልፉስ?»

መርዋ ወደ መሬት አየች። «‹ሁለት ቀን ከቀረሁ መጥተሽ ክፈቺ፤ ሞቼ ሳልሸት ሰው ይወቅልኝ› ብለው ነው የሰጡኝ። እየሳቁ ነበር የተናገሩት። እኔ ግን አልሳቅኩም።»

«በዚያ ምሽት መጥተው ነበር?»

«መጥተዋል።»

«ታዲያ ምስሉ ላይ የት አሉ?»

መርዋ ከመስተዋቱ ማዶ ወዳለው አግዳሚ ወንበር፣ አቶ ሰዒድ ቃሉን ለመስጠት ተራ ወደሚጠብቅበት፣ አንዴ ዓይኗን ወርወር አድርጋ መለሰችው።

«ነገ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ። ዝም ካልሽ በነፍስ ግድያ ነው የምትጠየቂው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል» አለች መርዋ፣ ድምጿ እምብዛም ሳይሰማ።

ከሰዓት በኋላ ለሊሴ ጎፋ ወረደች። ሮበሌ ጥቁር ለብሶ በአክብሮት ተቀበላትና ሻይ አስመጣላት። ስኳሩን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ የራሱን መራራውን ፉት አለ።

«እርስዎስ?» አለች ለሊሴ።

«ከታመምኩ ወዲህ ሐኪም ከልክሎኛል። ለምጄዋለሁ።»

«በዚያ ምሽት የት ነበሩ?»

«አዳማ፣ ለሥራ ሄጄ። አጎቴን ካየኋቸው ወራት አልፎኛል። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልጅቷ አመነች?»

«ገና ናት» አለችና ተሰናበተችው።

ከዚያ ሄዳ ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ ካለችው ጠባብ ቢሮ ተቀመጠች፤ የጋሽ ቱሉን የቆዩ ደረሰኞች አንድ በአንድ እየነካች ምስላቸውን አየች። ጠዋት አንድ ዳቦ። እኩለ ቀን ላይ አንድ እንቁላል። አመሻሽ ላይ አንድ ጣፋጭ ብስኩት። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መግዛት የሚከለክላቸው አልነበረም። ግን አንድ ዕቃ በገዙ ቁጥር ከመርዋ ጋር ጥቂት ያወራሉ፤ ከኋላ ተረኛ ሲመጣ ፈገግ ብለው ይለቁለታል፣ በሩ ጋ ደግሞ ዞር ብለው አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ማሽኑ ድምፅ አይቀዳም። ለሊሴ ግን ምን እንደሚሉ የምታውቅ መሰላት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እሷም አንድ ዳቦ ነው የምትገዛው፣ እሷም ሳያስፈልጋት የባለሱቁን ልጆች ጤና ትጠይቃለች።

ከዚያ የመጨረሻውን ደረሰኝ ነካች። ሁለት ዳቦ። አንድ እሽግ ስኳር የሌለው ብስኩት።

ሁለት ዳቦ የሚል ደረሰኝ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አላየችም። ኢያቄም ያላደረገውን አደረገች፤ ከዚያ ደረሰኝ በፊትና በኋላ የተቆረጡትንም ከፈተች። ሻማ። ሻማና ክብሪት። ዘይት። ሻማ። ሁሉም ተከታትለው የወጡ ናቸው፤ በሁሉም ላይ መርዋ ብቻዋን ናት፣ ከፊቷ ገዥ የለም። ከዚያ ወደ ኋላ ለመሄድ ስትሞክር ሰዓቱ ዘለለ፤ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተቀረጸም። ለሊሴ ተነሥታ አስፋልቱን ተሻገረችና ፊት ለፊት ያለውን የባንክ ቅርንጫፍ አንኳኳች።

በማግስቱ ጠዋት፣ የፍርድ ቤቱ ሰዓት ሳይደርስ፣ ሁሉንም ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል። አያንቱ ከሩዙ ከረጢት አጠገብ ቆማለች፤ ሮበሌ እጁን አጣምሯል፤ አቶ ሰዒድ ላቡን ይጠርጋል። ኢያቄም መርዋን ይዞ ገባ።

«ሳጅን» አለች ለሊሴ፣ «መብራት ወገግ ብሎ ሳለ ሻማ የሚገዛ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«በዚያ ደቂቃ ግን ገዥው ሁሉ ሻማ ገዝቷል ይላል ማሽኑ። አንድም ገዥ ደግሞ ካሜራው ፊት የለም። ማሽኑ ወረቀቱ የወጣበትን ሰዓት ያውቃል፤ ዕቃው የተሸጠበትን አያውቅም። አቶ ሰዒድ፣ ይህች ልጅ ለማን ብላ ነው ዝም ያለችው?»

አቶ ሰዒድ መርዋን ማየት አቃተው። «ለእኔ ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑም ካሜራውም ይሞታል። ሰፈርተኛውን ባዶ እጁን አንመልስም፤ በስልክ መብራት እንሸጥና መርዋ በቃሏ ትይዘዋለች፣ መብራት ሲመጣ ደረሰኙን በተራ ትቆርጣለች። ያለ ደረሰኝ መሸጥ ሱቅ ያሳሽጋል። ‹አደራ፣ እንዳትናገሪ› አልኳት።»

«በነፍስ ከተያዘች በኋላስ?»

«ፈራሁ» አለ አቶ ሰዒድ።

ለሊሴ ወደ መርዋ ዞረች። «አሁን ተናገሪ። ጋሽ ቱሉ መቼ መጡ?»

«መብራት እንደሄደ ነው፤ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ‹ዛሬ እንግዳ አለኝ፣ ውጪ እየጠበቀኝ ነው› አሉኝ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።»

«ሁላችንም ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያለውን ምስል ስናገላብጥ ነበር፤ እሳቸው ግን በጨለማው ነው ገዝተው የሄዱት» አለች ለሊሴ። «ሁለት ዳቦ የገዙት ለሁለት ሰው ነው። ብስኩቱ ለራሳቸው አይደለም፤ ጣፋጭ ነው የሚወዱት። ስኳር የተከለከለ እንግዳ ነበራቸው። ቤታቸው ውስጥ ዳቦውም ብስኩቱም አልተገኘም፤ እንግዳው መምጣቱ እንዳይታወቅ ፌስታሉን ይዞ ሄዷል፣ የጠጡበትንም አጥቧል። በዚያ ቤት በዚያ ምሽት የታጠቡት ብርጭቆዎቹ ብቻ ናቸው።»

ሮበሌ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስኳር ያለበት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ? አዳማ ነበርኩ አልኩዎት።»

«ብለውኛል። ሱቁ ሲጨልም ግን የባንኩ ጄነሬተር ይነሳል፤ የባንኩ ካሜራ አይጠፋም።» ስልኳን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አቆመችው።

ጨለማው አስፋልት ላይ ሁለት ሰዎች ይራመዳሉ። ወጣቱ በስልኩ መንገዱን ያበራል። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለው በሌላው ክንዱን ይዘውታል፤ ወደ እሱ ቀና እያሉ ይስቃሉ። ያን ያህል ሲስቁ በደረሰኞቹ ምስል ሁሉ ላይ አልታዩም። አያንቱ ፊቷን አዞረች።

«ልገድላቸው አልሄድኩም» አለ ሮበሌ በመጨረሻ። «ቀብድ ተቀብዬ ነበር። ‹ውክልናውን ነገ አነሳለሁ፤ አንተ ግን ልጄ ነህ፣ እየመጣህ ጠይቀኝ› አሉኝ። ልሄድ ስል ደረጃው ድረስ ሸኙኝ። ሸሚዛቸውን ያዝኩ… ስለቃቸው ወደቁ።»

«ብርጭቆውን ያጠብከው ከዚያ በኋላ ነው» አለች ለሊሴ። ኢያቄም ካቴናውን ከመርዋ እጅ ፈታ።

ከቀትር በኋላ ለሊሴ ጣቢያ ስትመለስ መርዋን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት። ከተለቀቀች ቆይታለች፤ ቤቷ ግን አልሄደችም። ኢያቄም ከጠረጴዛው ላይ ቀና አለ።

«ኢንስፔክተር፣ ሆስፒታሉ አስከሬኑን የሚረከብ ቤተሰብ አምጡ ይላል። ከሮበሌ ሌላ የሚታወቅ ዘመድ የለም።»

«እኔ እረከባቸዋለሁ» አለች መርዋ። «የሰፈሩን እድር አናግሬያለሁ። ነገ ሊቀብሯቸው ተስማምተዋል።»

ኢያቄም ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። ከጠዋቱ ወዲህ ሲያናግራት ድምፁ ለስልሷል። «ለሟቹ ምናቸው ነሽ ልበል?»

መርዋ አሰበች። ልጃቸው አይደለችም። ሃይማኖታቸው ይለያያል፤ ቤታቸውንም ከውስጥ አይታው አታውቅም።

«ደንበኛቸው ነኝ» አለች።

ኢያቄም ብዕሩን እንደያዘ ለሊሴን አያት።

«እንዳለችህ ጻፍ» አለች ለሊሴ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። «እኔ ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ።»