አጥሩና ያልደረሰው መልእክት

ዴላኒ ሩትሌጅ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ በኦሃዮ፣ ከአንድ ኩሬ አጠገብ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው። የሰፈሩ ነዋሪዎች ሁሉ የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩም ደንብ አለው። አጥር ማጠር የፈለገ ሰው አስቀድሞ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ይናገራል። ሰብሳቢው ካልተቃወሙ ያጥራል። ሳይናገር ያጠረ ግን ያፈርሳል። ሰብሳቢው ደግሞ የዴላኒ አባት ነበሩ።

አንድ ቀን ዴላኒ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቲለሪ ናቸው። ትንሹን ልጃቸውን ኤሚትን በኮሌታው ይዘውታል። ኤሚት ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ከለቀቁት እንደ ዳክዬ ጫጩት ቀጥ ብሎ ወደ ኩሬው ነው።

«ዴላኒዬ፣ አባትሽ አሉ?»

«ከሥራ አልመጣም።»

«እንግዲያው ንገሪልኝ። ቅዳሜ ጓሮዬን ላሳጥር ነው። ይኼ ልጅ እኮ ሊገድለኝ ነው! ትናንት ሳህን ሳጥብ ዘወር ብል እግሩ ውኃ ውስጥ ነው። አባትሽን ቅር ካላቸው ይደውሉልኝ። ካልደወሉ እሺ እንዳሉኝ እቆጥረዋለሁ። አትረሺም አይደል?»

«አልረሳም።»

እውነትም አልረሳችም። ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ። ብትረሳ ኖሮ ጥፋቷ ቀላል በሆነ ነበር። ዴላኒ ግን አስባበት ነው ዝም ያለችው። በወይዘሮ ቲለሪ ጓሮ በኩል ወደ ኩሬው የሚወስድ አቋራጭ ነበራት። በየቀኑ በብስክሌቷ ሽው ትልበታለች። ጓሮው ከታጠረ ሰፈሩን ልትዞር ነው። «አባዬ ካልሰማ አጥሩ ይፈርሳል» አለች በልቧ።

እራት ላይ አባቷ ማካሮኒ እየጨለፉላት «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምንም» አለች።

ቅዳሜ ወደ አያቷ ቤት ሄዱ። እሑድ ሲመለሱ አጥሩ ቆሟል። አባቷ ከመኪናው ሳይወርዱ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? እኔ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርኩ አንድ ቃል አይነግሩኝም? አሁን ዝም ብል ለጎረቤቱ አዳላ ይሉኛል። በስብሰባ ይታይ።»

ዴላኒ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ጀመረች።

ስብሰባው የተደረገው በሰፈሩ መዋኛ ገንዳ አጠገብ ባለው አዳራሽ ነው። ዴላኒ ዶናት እንደሚኖር ስለምታውቅ ተከትላ ሄደች። መጀመሪያ የተነሡት ሽማግሌው ሚስተር ሃልቨርሰን ናቸው።

«የእኔን የወፍ ቤት በደንብ ስም አስነቅላችሁኛል። የወፍ ቤት! ታዲያ ይኼን የሚያህል አጥር ሲቆም ደንቡ እረፍት ወጥቶ ነበር?»

ሰዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ ቲለሪ ኤሚትን እንደታቀፉ ተነሡ።

«እኔ እኮ ተናግሬያለሁ። ‹አባትሽን ቅር ካላቸው ይደውሉልኝ› ብዬ ለዴላኒ ነግሬያት ነበር።»

ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ዴላኒ ዞረ። አባቷም ዞሩ።

«ዴላኒ፣ ነግረውሻል?»

ከንፈሯ ላይ የዶናቱ ስኳር ነበር። እውነቱን መናገሪያዋ ጊዜ ይህ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። እሷ ግን «አልነገሩኝም» አለች።

ሚስተር ሃልቨርሰን ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሳሳትስ ያለ ነው። በልጅ ማሳበብ ግን ደግ አይደለም፣ ወይዘሮ ቲለሪ።»

የወይዘሮ ቲለሪ ፊት ቀላ። ኤሚትን እንዳቀፉ ተቀመጡ። እጆች ተነሡ። አጥሩ እንዲፈርስ ተወሰነ።

ዴላኒ ዶናቱን መጨረስ አቃታት። ከዚያን ቀን በኋላ ጸሎቷን ስታደርስ «ይቅር በለኝ» ለማለት ትጀምርና ምላሷ ይተሳሰርባታል። እግዚአብሔር ለማን ምን እንደዋሸች ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ቲለሪ ብቻቸውን የአጥሩን ጣውላ እየነቀሉ ነው። ኤሚት ወደ ኩሬው እንዳይሮጥ ወገቡ ላይ ረጅም መቀነት ታስሮ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ተያይዟል። አቋራጩ ተከፍቷል። ዴላኒ የፈለገችው ይህንኑ አልነበረም? እግሯ ግን ፔዳሉን አልረግጥ አለ።

ወይዘሮ ቲለሪ ቀና ሲሉ አዩዋት።

«ደህና አደርሽ ዴላኒዬ? ወዲያ በዪ የኔ ልጅ፣ ምስማር እንዳይወጋሽ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ብስክሌቷን ጥላ አባቷ ወዳሉበት ጋራዥ ሮጠች፤ በልቅሶ እየተቆራረጠችም ሁሉንም ተናገረች።

አባቷ የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ።

«እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው እኚያን ሴት በሰው ፊት ያዋረድኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«አባዬ፣ አንተ ንገርልኝ።»

«አጠገብሽ እቆማለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

አብረው ሄዱ። ዴላኒ መሬት መሬት እያየች ጥፋቷን ተናገረች።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አሉ ወይዘሮ ቲለሪ።

«መንገዴ… ወደ ኩሬው የምሄድበት…»

«ለመንገድ ብለሽ ነው? ብትነግሪኝ እኮ በር አወጣልሽ ነበር!»

ዴላኒ ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

አባቷ ማኅበሩን እንደገና ሰበሰቡ። አዳራሹም ሰዎቹም የበፊቶቹ ነበሩ። ዴላኒ በሁሉም ፊት ቆመች።

«ወይዘሮ ቲለሪ ነግረውኝ ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ጮክ በዪ፣ አልሰማንም» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ደግማ መናገር ነበረባት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። አባቷ ተነሥተው ወይዘሮ ቲለሪን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ሚስተር ሃልቨርሰን ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔም የማይገባ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። አጥሩ ተመልሶ እንዲቆም ሁሉም እጁን አነሣ።

ወይዘሮ ቲለሪ ወደ ዴላኒ መጡ። ፈገግ አላሉም።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን የመጀመሪያውን ስብሰባ ዕለት ቤቴ ገብቼ ‹በእርግጥ ነግሬያታለሁ? ወይስ አእምሮዬ ስቶ ነው?› አልኩ። ዴላኒ፣ ራሴን ማመን አቃተኝ።»

ዴላኒ አለቀሰች። ሴትዮዋ እቅፍ አድርገው እስክትጨርስ ጠበቋት።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ አባትና ልጅ ጣውላዎቹን መልሰው አቆሙ። ሲነቀሉ የተሰነጠቁ ነበሩ፤ እነሱን አባቷ በአዲስ ተኩ። ዴላኒ እያንዳንዱን ጣውላ ደግፋ ያዘች። ክንዷ ዛለ፤ ግን ልረፍ አላለችም። ኤሚት በአጥሩ ውስጥ ያለ ማሰሪያ ሲሮጥ ድምፁ ይሰማት ነበር።

ልጆች፣ ስንዋሽ እውነተኛውን ሰው ውሸታም እናሰኘዋለንና፣ ከዋሸን እንኳ ሳንዘገይ በዚያው በዋሸንበት ሰው ፊት እውነቱን እንናገር።