ባለብር ጆሮዋ የሌሊት ወፍ

በዘንጎራ መንግሥት፣ በንጉሥ ዘርአ ነበልባል ዘመን፣ ጆሮዋ እንደ ብር የሚያበራ አንዲት የሌሊት ወፍ በጠራራ ፀሐይ ቤተ መንግሥት ገብታ ከዙፋኑ በላይ ተዘቅዝቃ ተንጠለጠለች። ጠቢባኑ «የተዘቀዘቀችው እሷ ናት ወይስ መንግሥቱ?» እያሉ ሦስት ቀን ተከራከሩ። በአራተኛው ቀን ንጉሡ የክፉ ምልክት ናት ብሎ የወገኖቿ ዋሻ እንዲቃጠል አዘዘ።

ከእሳቱ የሚያድን አንድ ሕግ ነበር፦ አዲስ ዘር ሆኖ በፍጥረት መዝገብ የሰፈረ አይነካም። ደም መጣጭ ግን ይቃጠላል።

«ንጉሥ ሆይ፣ ዋሻዋ ድረስ ሄጄ ዘሯን ለይቼ እመጣለሁ። ካልሆነ እሳቱ ከእኔ ይጀምር!» ብላ የማለችው የፍጥረት ለኪዋ ምዕላድ ናት። ወፏን ከዙፋኑ ያወረደቻት እሷ ነበረች፤ ወፏም እጅጌዋ ውስጥ መተኛት፣ የእሳት እራት ከመዳፏ መብላት ለምዳለች።

በዘንጎራ የለካ አይጽፍም፤ የለካ መዝገቡንም አይገልጥም። «ውሸት ያለ ሁለት እጅ እንዳትቆም» ይላሉ አባቶች። ጸሐፊዋ ደምለው ነበር። ሰባት ገደል አብረው ወረዱ። ገደሉ ውስጥ የተኛ የጭስ ዘንዶ ሲነቃ ደምለው አዝሏት ሮጠ፤ «ክብደትሽን መዝገብ ላይ አላሰፍርም፣ አይዞሽ» ብሎም አሳቃት።

በዋሻው ውስጥ ምዕላድ የወፏንና የወገኖቿን ክንድ ለካች፣ ጆሮ ለካች፣ ጥርስ ቆጠረች።

«ሠላሳ ስምንት፤ ደቃቅ፣ የእሳት እራት መቆርጠሚያ። ጻፍክ?»

«ጻፍኩ፣ እህቴ።»

በንጉሡ ፊት ደምለው አነበበ፦ «ጥርሷ ሃያ፣ ምላጭ። ደም መጣጭ።»

«ደምለው?»

አላያትም። ትከሻው ላይ ዋሻው ሲቃጠል አገሩን የሚረከብ ገዥ ካባ ነበር፤ አዲስ፣ ልክክ ያለ። ምዕላድ ልክ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ካባ በአንድ ቀን አይሰፋም፤ የተለካው ከጉዞው በፊት ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ዋሽቷል!»

«ለኪና ጸሐፊ ሲጣሉ የወፏ ሬሳ ይመስክር» አለ ንጉሡ። «የሚበር ማስረጃ ማስረጃ አይደለም።»

እጅጌዋ ውስጥ ወፏ ነቃች፤ ምግቧን ፍለጋ የምዕላድን መዳፍ አሸተተች። ምዕላድ ዓይኗን ጨፍና የወፏን አንገት ጠመዘዘች።

ንጉሡ የሬሳውን ጥርስ በስንጥር እየነካካ ቆጠረ። ሠላሳ ላይ ተሳሳተና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሠላሳ ስምንት።

ዋሻው ተረፈ። ካባው ተገፈፈ።

«አዲስ ዘር ናት፤ ስም አውጪላት» አለ ንጉሡ። «ያም ከዳተኛ በገዛ እጁ ይጻፈው።»

ምዕላድ ደምለውን ልትረግመው አፏን ከፈተች። መዳፏ ግን ከወፏ ገላ ገና ይሞቅ ነበር።

«ያመነችኝ» አለች። «ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡን ከእጁ ወስዳ ገልጣ አየች።